ሃርድ ዲስኬ «አላነብ አለኝ» ለምትሉኝ ሁሉ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ፎቶም ይሁን ቪዲዮ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ሼር ማድረግም ይቻላል።

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ኢንቦክስ ገብቶ አንድ ዓይነት ነገር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬን ኮምፒውተሩ አላነብ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «አላነብ አለኝ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብዙው ሰው እዚህ ጋ ይናደዳል። አላነብ አለ ማለት አላነብ አለ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ግን እስቲ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ «አመመኝ» ብቻ ብላችሁ ዝም በሉ። ሐኪሙ ምን ይዞ ይነሳል? ራስ ነው ሆድ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ትኩሳት አለው ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

እዚህም እንደዚያው ነው። መብራቱ እንኳ የማይበራ አለ። መብራቱ በርቶ፣ ሲሽከረከርም እየተሰማ፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም እንዳልተሰካበት ዝም የሚል አለ። ኮምፒውተሩ «ቲንግ» ብሎ መሰካቱን ነግሯችሁ፣ ዚስ ፒሲ ውስጥ ስትገቡ ግን የማታገኙት አለ። ደግሞ ፊደሉ መጥቶ፣ ስትከፍቱት «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ» የሚል አለ። አራቱንም «አላነብ አለ» ነው የምንላቸው። መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም። የመጀመሪያው አንዳንዴ በአንድ ኬብል ያልቃል፤ ለአራተኛው ግን ኬብል ስትቀያይሩ ብታድሩ ለውጥ የለውም።

ይህችንም ልናገር፦ እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የአይሲቲ አስተማሪ ነኝ እንጂ የዳታ ሪከቨሪ ባለሙያ አይደለሁም። የምጽፈው የሰው ሃርድ ዲስክ ስነካካ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ ዕቃው ሲበላሽ ከጠፋው ይልቅ፣ ከተበላሸ በኋላ ሰው ተደናግጦ ሲነካካው የጠፋው እንደሚበዛ ነው።

አብረውኝ የሚያስተምሩ አንድ የታሪክ መምህር አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። እናታቸው በሕይወት እያሉ፣ ጋሼ ክረምት ክረምት ወደ ገጠር እየሄዱ በቴፕ ይቀዷቸው ነበር። እናትየው ወሎ ውስጥ የ66ቱን ድርቅ ትንንሽ ልጆች ይዘው ያለፉ ሴት ናቸው። 11 ካሴት ሞላ። በኋላ አንድ የሚያውቁት ልጅ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠና ሃርድ ዲስክ ላይ ጫነላቸው። ካሴቶቹ አንድ ክረምት ጣራው ሲያፈስ ተበላሹ። እናትየውም አረፉ። ስለዚህ ያ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የኪስ ቦርሳ በምታህል ጥቁር ሳጥን ውስጥ።

ያቺ ሳጥን ናት አላነብ ያለችው። ቤታቸው ሲሰኳት ጠቅ ጠቅ ትላለች እንጂ ኮምፒውተሩ አያያትም። ሱቅ ወሰዷት። እዚያ ያለው ልጅ ሰካና አየት አድርጎ «ጋሼ፣ ፎርማት ይጠይቃል። ፎርማት ላድርገውና እንደ አዲስ ይሆንልዎታል» አላቸው። ደግነቱ ጋሼ ጠርጣራ ናቸው። «ፎርማት ማለት ምንድን ነው?» አሉት። «ማጽዳት ነው» አለ ልጁ። «ምኑን ነው የምታጸዳው?» ብለው ነቅለው ወጡ። እስከ ዛሬ ይቺን ጥያቄያቸውን ሳስብ እስቃለሁ፤ ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

እኔ ጋ ሲመጣ መጀመሪያ ሰክቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ሽውው ብሎ ፍጥነት ይይዛል፤ ከዚያ ረጋ ያለ ንዝረት በእጅ ይታወቃል። የኪስ ሃርድ ዲስኮች ውስጥ ያለው ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ነው የሚዞረው፤ በሴኮንድ 90 ጊዜ ማለት ነው። የሚያነበው እንደ ድሮው የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ክንድ ጫፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ግን እንደ መርፌው ሰሌዳውን አይነካም፤ ከላዩ ይንሳፈፋል። በመሃል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ የሰው ፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ይበልጠዋል። ለዚህ ነው ሃርድ ዲስክን መታ መታ አድርጎ ማስነሳት የማይሆነው። ሬዲዮ ተመትቶ ይሠራል፣ እናውቃለን፣ ያደግንበት ነው። ሃርድ ዲስክ እየዞረ ሲመታ ግን የክንዱ ጫፍ ሰሌዳው ላይ ያርፍና ይፍቀዋል። የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረውን ማንም አይመልሰውም።

የጋሼ ሃርድ ዲስክ ቤታቸው ይል የነበረው «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» ነው፤ ተነስቶ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ይሄ ድምፅ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ክንዱ ሞቷል፣ ወይ እርቦታል። እርቦታል የምለው ኃይል አነሰው ለማለት ነው። የዩኤስቢ 2 ፖርት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ነው፤ ዩኤስቢ 3 (ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው) 900 ይሰጣል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ አብዝቶ የሚበላው ሲነሳ ነው፤ የቆመ ጋሪ መግፋትና እየሄደ ያለ ጋሪ መግፋት እኩል አይደለም። የጋሼ ዴስክቶፕ አሮጌ ነው። እሳቸው ደግሞ መጎንበስ እንዳይቸግራቸው የፊተኛው ፖርት ላይ ማርዘሚያ ኬብል ሰክተዋል፤ ሃርድ ዲስኩ ማርዘሚያው ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ማዶ የሚደርሰው ኃይል ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት።

ማርዘሚያውን ትተን፣ በአጭር ኬብል በቀጥታ ላፕቶፔ ላይ ዩኤስቢ 3 ስሰካው ጠቅጠቅታው ቆመ። ሽውው ብሎ ረጋ። ጋሼ ፊታቸው በራ። «ዳነ ማለት ነው?» አሉኝ። «ምግቡን በላ እንጂ ገና አልዳነም» አልኳቸው።

ዴስክቶፕ ያላችሁ ሰዎች ሁልጊዜ ከኋላ በኩል ካለው ፖርት ሞክሩ፤ እሱ ከማዘርቦርዱ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ስለ ኬብልም አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ብር የሚያድን ነገር ነው። ሰፋ ያለ፣ ሁለት ክፍል ያለው ጫፍ ያላቸው የሃርድ ዲስክ ኬብሎች አሉ አይደል? ያ ጫፍ በቀላሉ ይላላል፤ ሲላላ መብራቱ ይበራል ዳታው ግን አይሄድም። ሱቅ ሄዳችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የድሮ ስልክ ማይክሮ ዩኤስቢ ኬብል ፈልጉ። ሰፊው ቀዳዳ ትልቁ ክፍል ላይ ልክ ይገባል። ፍጥነቱ ወደ ዩኤስቢ 2 ይወርዳል እንጂ ይሠራል። ብቻ ኬብሉ ፋይል የሚያስተላልፍ እንጂ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ አይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉት ውስጣቸው የዳታ ሽቦ የለም። የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩን እዩ። አብዛኞቹ 12 ቮልት ናቸው። ጫፉ ገባልኝ ብላችሁ የላፕቶፕ 19 ቮልት ሰክታችሁ እንዳታቃጥሉት።

ኬብሉም ፖርቱም ተቀይሮ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ተሞክሮ አሁንም ጠቅ ጠቅ ካለ ነቅላችሁ አስቀምጡት። እዚህ ላይ «አንዴ ልሞክር» የለም። በየሙከራው ሰሌዳው እየተፋቀ ሊሆን ይችላል። ካቻቪቴ ይዞ ሳሎን ውስጥ መክፈት ደግሞ የባሰ ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ብናኝ ከዚያች ጠባብ ክፍተት ይበልጣል። ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ውድ ነው፣ ውስጡ ያለው ነገር ዋጋውን ያወጣል አያወጣም የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ዊንዶውስ እንግባ። ድምፁ ጤነኛ ሆኖ ዚስ ፒሲ ውስጥ ከሌለ፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤክስ ጋር አንድ ላይ ተጫኑና ከሚመጣው ዝርዝር ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። ገና ሲከፈት «ኢኒሻላይዝ ላድርግ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ካንስል በሉ። ከታች ዲስኮቹ ተዘርዝረዋል። የእናንተው በመጠኑ ልክ ካለ (500 ጊጋው 465 ገደማ ተብሎ ነው የሚታየው፤ አልተሰረቃችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው)፣ ሄልዚ ተብሎ፣ ፊደል ብቻ ከጎደለው ዕድለኛ ናችሁ። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ቼንጅ ድራይቭ ሌተር የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ፊደል ስጡት፣ አለቀ። አንዲት የድሮ ተማሪዬ የሠርጓን ቪዲዮ በዚህ መንገድ በሁለት ደቂቃ አገኘች። ከዚያ በፊት ሦስት ወር ጠፋብኝ ብላ ስታለቅስ ነበር፤ ባሏም አልሰማም።

ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ወደ ኬብልና ኃይል ተመለሱ፣ ሌላ ኮምፒውተርም ሞክሩ። አንዳንዴ ሃርድ ዲስኩ ደህና ሆኖ የሳጥኑ ትንሿ ቦርድ ትሞታለች፤ ያኔ አውጥቶ ሌላ ኬዝ ውስጥ መክተት ይሠራል። ሁሉም ላይ ግን አይደለም። የዩኤስቢ ቀዳዳው በቀጥታ ዲስኩ ላይ የተበየደ አለ፤ በዚያች ቦርድ በኩል ዳታው የሚቆለፍም አለ።

የጋሼው በመጠኑ ልክ መጣ፣ ፊደልም አለው፣ ግን የፋይል ሲስተሙ ዓይነት መጻፍ ያለበት ቦታ ላይ «ሮው» ይላል። ጥሬ ማለት ነው። ስከፍተው ያችው የሱቁ መልእክት መጣች፤ ፎርማት አድርግ። ኃይል እያነሰው በመሃል ሲቋረጥ ከርሞ መግቢያው ላይ ያለው መረጃ ሳይበላሽ አልቀረም።

ይቺን መልእክት በደንብ ማወቅ አለብን። ዊንዶውስ እንዲህ የሚለው ዲስኩ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ አይደለም። ማንበብ ስላቃተው ነው። ግዕዝ የማያውቅ ሰው የብራና መጽሐፍ ይዞ «ይሄ ምንም የማይነበብ ነገር ነው፣ ልፋቀውና የራሴን ልጻፍበት?» እንደማለት ነው። ባለመጽሐፉ እናንተ ናችሁ፤ ፈቃድ እየጠየቃችሁ ነው። «አይ» በሉት። ደንግጣችሁ «ኦኬ» ብላችሁ ከሆነም ወዲያው አቁሙና ምንም አዲስ ነገር አትጫኑበት። «ኩዊክ ፎርማት» የሚባለው በብዛት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ምዕራፎቹ እዚያው ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። ሙሉ ፎርማት ከሆነ ግን፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ፣ እያንዳንዱን ገጽ በዜሮ ይሞላዋል። ያ ካለቀ በኋላ የሚፈለግ ነገር የለም።

ዩቲዩብ ላይ «በ1 ደቂቃ ጠግኑ» የሚሉት ቪዲዮዎች ደግሞ ዘለው ቼክ ዲስክ አስነሱ ይላሉ። በጣም ነው የሚያናድደኝ። ቼክ ዲስክ የፋይል ሲስተሙን ለማስተካከል ያለ ፕሮግራም ነው፤ የእናንተ ፋይል ለእሱ ሁለተኛ ነገር ነው፣ ለማስተካከል ሲል ይቆርጣል። ዲስኩም እየታመመ ከሆነ ያን ሁሉ ማንበብና መጻፍ አይችለውም። መጀመሪያ ቅጂ ማውጣት፣ ጥገና ደግሞ ቅጂው ላይ።

ቅጂ ለማውጣት ከታመመው የማያንስ ባዶ ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል። የወንድሜ ልጅ 1 ቴራ አለው፣ በፊልም የተሞላ። ለምኜ፣ አባብዬ፣ አጥፍቶ ሰጠኝ፤ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ላፕቶፑን ኡቡንቱ ካለበት ፍላሽ አስነሳሁና ዲዲ ሪስኪው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጀመርኩ። ይሄ ፕሮግራም ብልህ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፣ የሚያስቸግረውን ዘሎ ለመጨረሻ ያስቀምጣል። የት እንደደረሰም ካርታ ይይዛል። እኛ አገር ይቺ ካርታ ምን ያህል እንደምትጠቅም ልነግራችሁ አልችልም። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ 40 ደቂቃ አይሞላም። መብራቱ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ልትሞክሩት ካሰባችሁ ግን ምንጩና መድረሻው የቱ እንደሆነ ሦስት ጊዜ እዩ። ካገላበጣችሁት ባዶውን በሞላው ላይ ነው የምትገለብጡት። እኔ የሁለቱንም መጠን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ጋሼን ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አድርጌ ነው ኢንተር የተጫንኩት።

ሁለት ሌሊት ፈጀ። ጋሼ በነጋ በጠባ ይደውላሉ። «እንዴት አደረ?» ይላሉ፤ ልክ የታመመ ሰው እንደሚጠየቀው። ሲያልቅ ያልተነበበው ወደ 2 ሜጋባይት ነበር። ከ500 ጊጋ ላይ 2 ሜጋ ምንም ማለት አይደለም፤ የት ላይ እንዳረፈ ግን አታውቅም።

ከዚያ ቅጂው ላይ ቴስት ዲስክ የሚባለውን አስነሳሁ። እሱም ነፃ ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የመግቢያ ገጹን አንድ ግልባጭ ፓርቲሽኑ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። የፊተኛው ተበላሽቷል፣ የኋለኛው ደህና ነው። የኋለኛውን ወደ ፊት ገለበጥነው። ነቅዬ ስሰካው ፎልደሮቹ ከነስማቸው መጡ። «እማማ 1»፣ «እማማ 2»፣ እስከ 11። (መግቢያው ባይገኝ ኖሮ ፎቶ ሬክ የሚባል ወንድሙ አለ፤ ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ድምፅና ሰነድም ያወጣል። ግን የፋይሎቹን ስም አያመጣም፤ አንድ በአንድ እየከፈታችሁ መለየት የእናንተ ሥራ ነው።)

አሥሩ ንጹሕ ናቸው። «እማማ 7» ላይ መሃል አካባቢ 12 ሴኮንድ ያህል ምንም የለም። ፋይሉ ያልታመቀ ዓይነት ስለሆነ በደቂቃ 10 ሜጋ ገደማ ይይዛል፤ ያቺ የቀረችው 2 ሜጋ እዚያ ላይ ነው ያረፈችው። ጋሼ መጀመሪያ «እዚህ ጋ እኮ እሷም ዝም ትል ነበር» አሉኝ። ግን የካሴቱ ሽሽታ ራሱ ይቋረጣል። ሰው ዝም ሲል ሽሽታው ይቀጥላል፤ ይሄኛው ድፍን ነው። ነገርኳቸው። ትንሽ ቆዩና እናታቸው እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚሉ በቃላቸው ነገሩኝ። ከደጋው ሲወርዱ አብረዋቸው የተነሱትን ሰዎች ስም ነው የሚጠሩት፤ አምስት ሰው። በወረቀት ጽፈን ከፎልደሩ ጋር በፎቶ አስገባነው።

አሁን አንድ ቅጂ ጋሼ ቤት፣ አንድ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ፣ አንድ እኔ ጋ አለ። ድምፅ ስለሆነ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር አንድ ትንሽ ፍላሽ ይበቃዋል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ግን ጋሼ አልጣሉትም። ቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል።

ሳልረሳው ሁለት ነገር ልጨምር፣ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ የሠርግ ወይም የልቅሶ ቪዲዮ ጭኖ ሃርድ ዲስክ ይልክና፣ እዚህ ሲሰካ «ፎርማት» ይላል። ከመደናገጣችሁ በፊት ደውሉና «የጫንክበት ኮምፒውተር ማክ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ማክ በራሱ ፋይል ሲስተም ያዘጋጀውን ዊንዶውስ ብቻውን አያነበውም። ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ማክ ያለው ሰው ፈልጋችሁ ማስገልበጥ ነው። ገና ያልላከ ካለ ኤክስ-ፋት አድርጎ ይጫነው፣ ሁለቱም ያነቡታል።

ሁለተኛው የፍሪዘሩ ነገር ነው። በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ያድነዋል የሚል ወሬ አለ። አታድርጉት። ሲወጣ ልክ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል፣ ያ ውሃ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ።

የእናንተ ሃርድ ዲስክ የሚያሰማው ድምፅ ግራ ካጋባችሁ በስልክ ቀድታችሁ ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ የዲስክ ማኔጅመንቱንም ፎቶ ጨምሩበት። ሳምንቱን የ10ኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ስለሆነ የምመልሰው ማታ ማታ ነው። እስከዚያ ነቅላችሁ አስቀምጡት።